የኦርጋኒክ ጎመን ዋጋ ከምን ይመጣል? በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖር ቤተሰብ የተዘጋጀ መመሪያ

ቅዳሜ ጠዋት በሱሉልታ መንገድ ዳር ከሚቀመጡ ሻጮች መካከል፣ ዓይነቱ አንድ የሚመስል የሐበሻ ጎመን ይዘው አንዷ ከጎረቤቷ እጥፍ ዋጋ ስትጠራ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። የተወደደውን የያዘችው «የእኔ በፍግ ነው» ትላለች፤ ገዢው ደግሞ ወይ ፈገግ ብሎ ያልፋታል፣ ወይም ምንም ሳይጠይቅ ከፍሎ ይሄዳል። ለእኔ ሁለቱም ገዢዎች ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ዋጋው እውነተኛ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል አላሰበም፤ ሁለተኛው ደግሞ ምክንያቱ በዚያች እስር ጎመን ላይ መኖሩን አላረጋገጠም።

ዋጋውን ወደላይ የሚገፉት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ፍግ፣ ጉልበትና ሥጋት። አርሶ አደሩ ሦስቱንም ብቻውን ሲሸከም ዋጋው ይሰቀላል፤ ገዢው ከፊሉን ሲጋራው ደግሞ ይወርዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር ርካሽ ሻጭ ስለማሰስ አይደለም፤ ከሦስቱ ሸክሞች የትኛውን፣ በምን ያህልና እንዴት አድርገን ወደ ራሳችን ቤት እንደምናዛውር የሚያሳይ ነው።

ስሙና ነገሩ

ኦርጋኒክ የሚባለው ምርት በፋብሪካ የተሠራ ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይና ፀረ አረም ሳይጨመርበት፣ የአፈሩን ለምነት በፍግ፣ በኮምፖስትና ሰብልን በማፈራረቅ እየጠበቁ የሚያመርቱት ነው። በአገራችን የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ በመርማሪ ተረጋግጦ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው በአብዛኛው ወደ ውጭ ለሚላከው ቡና፣ ሰሊጥና ማር ሲሆን፣ ወረቀቱን የሚጠይቀውም የውጭው ገዢ ነው። በሰፈራችን ሱቅ መደርደሪያ ላይ «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ ስናይ ብዙውን ጊዜ የምናነበው የሻጩን ቃል ነው። እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ እንዲህ ያለ ወረቀት የተለጠፈበትን ሰላጣ ለወራት ስገዛ ቆይቼ፣ የት እንደሚመረት በጠየቅሁ ጊዜ መልስ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጉዳይ ውሃው ነው። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ የቆዳ ፋብሪካዎችን፣ የሌሎች ኢንዱስትሪዎችንና የመኖሪያ ቤቶችን ፍሳሽ ይዘው ነው። በእነዚህ ወንዞች መስኖ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል፤ በተለይም ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመንን የመሳሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች ብረቱን ከአፈርና ከውሃ ስበው በውስጣቸው ያከማቻሉ። በዚያ ውሃ የበቀለ ጎመን አንዲት ጠብታ መድኃኒት ሳይረጭበት ሊያድግ ይችላል፤ በምንም ዓይነት እጥበት ግን ያ ብረት አይወጣለትም። ስለዚህ «ኬሚካል ተረጭቷል?» ከማለት በፊት «በምን ውሃ ይጠጣል?» ማለት ይቀድማል። የጉድጓድ፣ የምንጭ ወይም የዝናብ ውሃ የሚል መልስ ካላገኙ፣ ፍግ መኖሩ ብቻውን ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል አይሆንም።

ዋጋውን የሚያንረው ምንድን ነው?

ከፍጉ እንጀምር። ዩሪያ የተባለው የፋብሪካ ማዳበሪያ አንድ ኩንታሉ ከክብደቱ 46 በመቶው ለተክል ዋና ምግብ የሆነው ናይትሮጅን ነው፤ ይኸውም 46 ኪሎ መሆኑ ነው። በደንብ የተያዘ ደረቅ የከብት ፍግ ግን በናይትሮጅን ይዘቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ 46 ኪሎ ለማግኘት ከ23 እስከ 46 ኩንታል ፍግ ማጓጓዝና መበተን ያስፈልጋል። እርግጥ ነው፣ ፍጉ ዩሪያው የማይሰጠውን ሌላ ንጥረ ነገር ይሰጣል፤ አፈሩንም ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ጥቅሙም ለተከታዮቹ ዓመታት ይተርፋል። ሆኖም አንዱን ኩንታል ዩሪያ በአንድ አህያ ጭኖ የሚሄድ ሰውና ሠላሳ ኩንታል ፍግ የሚያመላልስ ሰው በአንድ ዋጋ ይሽጡ ማለት ፍርድ አይሆንም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። በሰንዳፋ፣ በሱሉልታና በሆለታ በኩል እበት ወደ ማሳ ከመሄዱ በፊት በግድግዳና በአጥር ላይ ተለጥፎ ኩበት ይሆናል። ኩበት በከተማው ዳር እንጀራ ለሚጋግር ቤተሰብ ማገዶ ነው፤ ገዢ አለው፤ ዋጋም አለው። ጎመኑን በፍግ የሚያለማ አርሶ አደር እንግዲህ ከራሱ ምድጃና ከማገዶ ገበያው ጋር እየተሻማ ነው። ከገዢዎች ብዙዎቹ «ፍግማ ነጻ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ በዚህ አካባቢ ነጻ አይደለም።

ቀጥሎ የአረሙ ጉልበት ነው። ብዙ ሰው ጤፍ በተፈጥሮው ኦርጋኒክ ነው ብሎ ያምናል፤ እውነቱ ግን በዙሪያችን የሚዘራው አብዛኛው ጤፍ ዩሪያ ይጨመርበታል፤ ቅጠለ ሰፊ አረምን ለማጥፋትም አርሶ አደሮቻችን «ቱ ፎር ዲ» የሚሉት ፀረ አረም ይረጭበታል። ያለ መድኃኒት መሥራት የፈለገ ሰው ያንኑ ማሳ ሰዎች አሰልፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ በእጅ ማረም ይኖርበታል። የቀን ሠራተኛ ደግሞ በከተማ ዳር ርካሽ አይደለም፤ ጉልበት ያለው ወጣት ከማሳው በላይ የሚከፍለው የሕንፃ ግንባታ አጠገቡ ነው።

ሦስተኛው ሥጋት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ የብዙ ጥናቶች ንጽጽር፣ የኦርጋኒክ ምርት ከመደበኛው ከ5 እስከ 34 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል፤ ልዩነቱ የሚሰፋውና የሚጠበው እንደ ሰብሉና እንደ አያያዙ ነው። ከአማካዩ ይልቅ ገበሬውን እንቅልፍ የሚነሳው ግን መጥፎው ዓመት ነው። በክረምት ድንችና ቲማቲም ላይ ምች የሚባለው የሰብል በሽታ ሲወርድ፣ የሚረጨው ፀረ ፈንገስ ያለው ሰው ከፊሉን ያድናል፤ የሌለው ሰው ማሳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጠቁር ቆሞ ያያል። ዘንድሮ በዳነው ማሳ ዋጋ ውስጥ አምና የጠፋው ማሳ ተደምሮበታል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ከሸማቹ ዓይን የተሰወረ ምክንያት የመሬቱ ይዞታ ነው። በከተማዋ ዳርቻ አትክልት የሚያለሙ ብዙዎች መሬቱን በኮንትራት ወይም በእኩል የያዙት ለአንድ ወይም ለሁለት ምርት ነው፤ የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ እየገፋ በመጣበት አካባቢ ደግሞ የመሬቱ ባለቤት ራሱ ከርሞ እዚያ መኖሩን እርግጠኛ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድን ማሳ ኦርጋኒክ ብሎ ለመቀበል ለዓመታዊ ሰብል 2 ዓመት፣ ለቋሚ ተክል 3 ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠይቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገበሬው ምርቱ እየቀነሰበት የተሻለውን ዋጋ ግን ገና አያገኝም። ለስድስት ወር ብቻ መሬት የያዘ ሰው የሦስት ዓመት አፈር የሚገነባበት ምክንያት አይኖረውም፤ ኦርጋኒክ አምራቾች ጥቂት የሆኑበት፣ ጥቂት በመሆናቸውም ዋጋ የሚቆርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማጓጓዣው ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙሉ አይሱዙ ሽንኩርት የሚያመጣ ነጋዴ የነዳጁን ወጪ በብዙ ኩንታል ላይ ያካፍለዋል፤ ሃያ እስር ጎመን በባጃጅ የምታመጣ ሴት በሃያ ብቻ ታካፍለዋለች። ከፒያሳ ተነሥቶ፣ በጃን ሜዳ አልፎ፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የሰፈረው የአትክልት ጅምላ ገበያም አያግዛትም፤ እዚያ የገባ ጎመን ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ስሙን ያጣልና። በጾም ወራት፣ በተለይም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ የአትክልት ፈላጊው ሲበዛ በዚህ ሁሉ ላይ ጭማሪ ይመጣል።

ገንዘብዎን የሚያውሉበትን መምረጥ

ሁሉንም ምግብ ኦርጋኒክ ለማድረግ መሞከር አብዛኛውን ቤተሰብ በሁለተኛው ወር ተስፋ ያስቆርጠዋል። የተሻለው መንገድ ከወር አስቤዛው ውስጥ ቀድሞውንም ኬሚካል የማይበዛበትን ለይቶ በመደበኛ ዋጋው መግዛት፣ የተረፈውን ገንዘብ ልዩነቱ ወደሚታይበት ማዞር ነው።

ተጨማሪ መክፈል ከማያስፈልጋቸው መካከል ቡናችን አንዱ ነው፤ አብዛኛው በትንንሽ ይዞታ በጥላ ዛፍ ሥር ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ ያድጋልና። ቆጮና ቡላም እንዲሁ ናቸው፤ እንሰት በቤት ዙሪያ በከብት ፍግ የሚለማ ተክል ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኙ በመሆናቸው ዩሪያ እምብዛም አይፈልጉም። በየግቢው ከሚበቅሉ ዛፎች የሚለቀሙት ኮክ፣ ዘይቱንና አቮካዶም በአብዛኛው ርጭት አያውቃቸውም። በእነዚህ ላይ «ኦርጋኒክ» በሚል ስም ጭማሪ የሚጠይቅ ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ጭማሪው የወረቀቱ ነው።

በተቃራኒው ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሚመጣው ቲማቲም በተባይና በፈንገስ ብዛት ምክንያት ደጋግሞ የሚረጭ ሰብል ነው። ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያና ሰላጣም ከዚሁ ወገን ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቅጠላ ቅጠሉን በጓሮ ማልማት ስለሚቻል፣ የቀረው ቲማቲምና ቃሪያ ለሚታመን ገበሬ የሚከፍሉበት ዋና ቦታ ይሆናል። ይህም ከአቅም በላይ ከሆነ በመደበኛው ላይ የሚደረግ አጥብቆ ማጠብ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ፣ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ አፕል ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ሲዘፈዘፍበት በልጣጩ ላይ የነበሩትን ሁለት የተፈተኑ ፀረ ተባዮች እንዳስወገደ አሳይቷል፤ ወደ ውስጥ የሠረገውን ግን አላወጣም። ልጣጭ ያለውን መላጥ፣ የጥቅል ጎመንን የውጭ ሁለት ሦስት ቅጠሎች መጣልም ይረዳል።

ገበሬ መያዝ

ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለመሞከር ጊዜ ያለው ሰው ይህን ክፍል ቢሞክር እመርጣለሁ። እቁብና እድር ላለው ሰው አሠራሩ አዲስ አይሆንበትም፦ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ጎረቤታሞች ተሰባስበው ከአንድ ወይም ከሁለት ገበሬዎች ጋር ለአንድ የምርት ወቅት ይስማማሉ። ገንዘቡም በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ እጅ ዘር ሲዘራ፣ አንዱ በአረም ጊዜ፣ ቀሪው ምርቱ መውጣት ሲጀምር። ገበሬው በአረም ሰዓት ጥሬ ገንዘብ በእጁ ስላገኘ መድኃኒት ከመርጨት ይልቅ ሠራተኛ መቅጠር ይችላል፤ ገዢ ማግኘቱንም አስቀድሞ ስላወቀ የሚቆርጠው ዋጋ ከገበያው ዝቅ ይላል።

ገበሬውን ለመምረጥ ወደ ማሳው መሄድ ግድ ነው፤ በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም። ሲሄዱ ከሰላምታውና ከቡናው በኋላ ስለ ውሃው ምንጭ ይጠይቁ፤ ከተቻለም ምንጩን ወይም ጉድጓዱን ይዩ። የፍግ ወይም የኮምፖስት ጉድጓዱ የት እንዳለ እንዲያሳዩዎት ይለምኑ፤ በፍግ አለማለሁ የሚል ሰው ግቢ ውስጥ የፍግ ክምር ከሌለ ነገሩ አልተገናኘም ማለት ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ክሽክሽ ሲመጣብዎት ምን ያደርጋሉ? ምች ሲወርድስ?» የሚለው ነው (ክሽክሽ ቅጠልን የሚወር ጥቃቅን ተባይ ነው)። «ምንም አይመጣብኝም» የሚል ገበሬ ይልቅ ያስጠረጥራል። «ለጎመኑ አመድና ሳሙና፣ ለድንቹ ግን አንድ ጊዜ ረጭቻለሁ» የሚለውን ሰው እኔ እመርጣለሁ፤ እውነቱን ነግሮኛልና ጎመኑን ያለ ሥጋት እገዛዋለሁ። ቅጠሉ በትል መበሳቱን እንደ ማስረጃ የሚቆጥሩ አሉ፤ ይህ ግን ገበሬው ዘግይቶ እንደረጨም ሊያሳይ ስለሚችል ብዙ አይመኩበት።

ስምምነቱ አጭርም ቢሆን በወረቀት ይስፈር። በውስጡ ምን እንደሚመረት፣ በሳምንት ምን ያህል እንደሚመጣ፣ ምን እንደማይረጭ፣ በተለይም ሰብሉ ቢበላሽ ማን ምን ያህል እንደሚሸከም ይገለጽ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለከተማ ሰው ይከብደዋል፤ «ገንዘቤን ከፍዬ ጎመን ላላገኝ ነው?» ይላል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የዋጋው ሦስተኛ ምሰሶ ሥጋት ነው፤ ሥጋቱን ሙሉ በሙሉ ለገበሬው ትቶ ዋጋው ይውረድልኝ ማለት አይቻልም። አንዱ መካከለኛ መንገድ የጠፋውን ሰብል ገበሬው በሌላ ምርት፣ ለምሳሌ በባቄላ ወይም በገብስ፣ በግማሹ እንዲተካ መስማማት ነው።

ማጓጓዙን በየተራ ያድርጉት። ለምሳሌ ያህል የባጃጁ ኮንትራት 500 ብር ቢሆን፣ ብቻውን ለሚሄድ ቤተሰብ ጎመኑ ላይ 500 ብር ይጨመራል፤ ለአሥር ቤተሰብ ሲካፈል ግን 50 ብር ይሆናል። ተረኛው ቅዳሜ ሲሄድ ባዶ እጁን ከመሄድ የሳምንቱን የአሥሩን ቤት የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ቢወስድ ደግሞ ለገበሬው የኮምፖስት ግብዓት፣ ለሰፈሩም የቆሻሻ መቀነሻ ይሆናል። ፕላስቲክና ቢላዋ እንዳይቀላቀልበት ግን አደራ።

ቡድን መመሥረት ለማይችል ሰው የእሁድ ገበያ ሁለተኛ አማራጭ ነው፤ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከገበሬ ዩኒየኖች ጤፍና ጥራጥሬ ያመጣሉ። በሁለቱም ቦታ ዋጋው ከሱቅ ሊሻል ይችላል፤ ምርቱ እንዴት እንደለማ ግን መጠየቁ ለገዢው ይቀራል።

ጓሮና ማዳበሪያ

አማርኛችን የፕላስቲኩን ከረጢት ራሱን «ማዳበሪያ» ብሎ መጥራቱ ከፋብሪካ ማዳበሪያው ጋር የመጣ ልማድ ነው፤ ያንኑ ከረጢት የፍግ ጎመን ማብቀያ ማድረግ ታዲያ ደስ የሚል ነገር አለው። ሁለት እጅ የላይኛ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት። በሚሞሉበት ጊዜ ግርጌና አናቱ የተቆረጠ ጣሳ መሐል ላይ አቁመው በጠጠር ይሙሉ፤ ዙሪያውን በአፈር ሲያደላድሉ ጣሳውን ወደላይ እየሳቡ ደግመው ይሙሉ፤ በመጨረሻ ከታች እስከ ላይ የቆመ የጠጠር ዓምድ ይኖርዎታል። ውሃው በዚያ በኩል ወርዶ ለሁሉም ይዳረሳል። ከዚያ የከረጢቱን ጎን በቢላዋ እየበሱ የጎመን ወይም የቆስጣ ችግኝ ይትከሉ፤ በአንድ ከረጢት ከ15 እስከ 20 ችግኝ ይበቃል። በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ የኮንዶሚኒየም በረንዳም ለዚህ ይሆናል፤ ክብደቱን ግን ያስቡበት።

ኮምፖስቱን ለመሥራት ደረቅና እርጥብ ያፈራርቁ፦ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ ከላዩ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከላዩ እበትና ጥቂት አፈር፣ አልፎ አልፎ ስስ አመድ። በእጅ ሲጨመቅ እርጥበቱ ተሰምቶ ውሃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ቢገለበጥ በእኛ ቅዝቃዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይበስላል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይጨምሩ፤ በከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ አይጥ ብቻ ሳይሆን ጅብም ነው።

የጎመን ችግኝ ከተዛወረ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ቅጠሉ መቀንጠስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ለሁዳዴ የሚደርሰው በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ የሚተከለው ነው። በሱሉልታ በኩል ያለ ሰው በእነዚያ ወራት ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ችግኙን በጭድ ወይም በአሮጌ ነጠላ ማልበስ ይኖርበታል። ክሽክሽ በበጋ ሲወረው በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ የቅጠሉን ሆድ ይርጩ፤ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። ከተክሎቹ ሁለቱን ምርጦች ሳይቀነጠሱ እንዲያብቡና ዘር እንዲይዙ ይተዉ፤ የሐበሻ ጎመን በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የሚሰጠው ዘር እናቱን ይመስላል፤ ለከርሞም የዘር ወጪ አይኖርም። ቲማቲምን በክረምት አይሞክሩት። እኔ ሁለት ክረምት ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ምች በላብኝ።

በመኸር ገዝቶ ማቆየት

ጤፍ የሚረክሰው ተወቅቶ ገበያ በሚሞላባቸው በታኅሣሥና በጥር ወራት ሲሆን፣ የሚወደደው በክረምት ነው። ጤፍ ነቀዝ የማይበላው እህል በመሆኑ ደረቅ ቦታ ላይ ከተቀመጠ ያለ ምንም መድኃኒት ለዓመታት ይቆያል። በእጅ የታረመ ጤፍ ከገበሬ በመኸር ሲገዛ በክረምት ከሱቅ ከሚገዛው መደበኛ ጤፍ ጋር የተቀራረበ ዋጋ ላይ ሊወድቅ የሚችለው ለዚህ ነው። የጎደለው ብዙውን ጊዜ የአንድ ጊዜው ገንዘብ ነው፤ ለዚህም የአሥሩ ቤት እቁብ በጥር ቢወጣ ይመረጣል።

ጥራጥሬ፣ በቆሎና ስንዴ ግን ይነቅዛሉ። ጥራጥሬ በማሳው ላይ ንጹሕ ሆኖ ቆይቶ በመጋዘን ውስጥ ፎስቶክሲን የተባለው መርዛማ ጽላት ሊጨመርበት ይችላል፤ ይህን ጽላት በመኖሪያ ቤት ውስጥ መጠቀም ጋዙ የሰው ሕይወት ስለሚያጠፋ ፈጽሞ አይገባም። በምትኩ ሁለት የፕላስቲክ ውስጠኛ ሽፋን ያለውና አየር የማያስገባው፣ በገበያ ፒክስ የሚባለው ከረጢት አለ፤ አፉ ተጠምዝዞ በደንብ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። ከረጢቱ ካልተበሳ በሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። አባቶቻችን ባቄላውን ወይም ማሽላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጡ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደቃቁ ጤፍ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መፈናፈኛ ያሳጣዋል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

እንቁላልና ወተት

የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ሲሆን፣ ለእንቁላል የተዳቀለችው የፈረንጅ ዶሮ በጥሩ አያያዝ ከ250 በላይ ትጥላለች፤ የዋጋውን ልዩነት ለማስረዳት ይህ ብቻ ይበቃል። ሲገዙ ግን እንቁላሉ ትንሽ መሆኑን እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱ፤ ገና መጣል የጀመረች የፈረንጅ ዶሮም ትንሽ እንቁላል ትጥላለች። የአስኳሉ መድመቅም የመኖዋን ዓይነት እንጂ የዝርያዋን ነገር አይናገርም። ግቢ ያለው ሰው አራት አምስት ዶሮ በቤት ትርፍራፊና በጎመን ቅጠል ቢያረባ፣ ከእንቁላሉ ሌላ የዶሮ ኩስ ያገኛል፤ ኩሱ ትኩስ ከሆነ ሥር ስለሚያቃጥል ኮምፖስት ውስጥ ሳይበስል ለተክል አይሰጥም።

ወተትን በተመለከተ «የገበሬ ወተት» የሚለው ቃል ብዙ አያጽናናኝም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ከብቶች ላይ የተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በወተቱ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል፤ ዋናው መነሻም ለላሞቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ ነበር። ፋጉሎው ከኑግ የተገኘ፣ ምንም ኬሚካል ያልተጨመረበት ተፈጥሯዊ መኖ ነው፤ ሻጋታውም እንዲሁ ተፈጥሯዊ ነው። ማፍላት ጀርሙን እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ ወተት ከሚሸጥልዎ ሰው ቤት ሲሄዱ የላሞቹን ንጽሕና ካዩ በኋላ ፋጉሎው የተቀመጠበትን ቦታም እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ መሬት ላይ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ጓዳ ውስጥ ተከምሮ ካዩት ወደ ሌላ ቤት ይሂዱ።